የኩላሊት እጥበትና በደም የሚተላለፈው የጉበት በሽታ

ኩላሊቱ ሥራውን ፈጽሞ ያቆመበት ሰው በቀድሞው ዘመን ሞቱን ከመጠበቅ በቀር ሌላ ተስፋ አልነበረውም። ዛሬ ግን የሕመምተኛውን ደም በቀጭን ቱቦ ከክንዱ ተቀብሎ፥ በማጣሪያ አሳልፎ፥ ከቆሻሻው ከለየው በኋላ ወደ ሰውነቱ የሚመልስ መሣሪያ ስለ ተገኘ፥ በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ቀን፥ በያንዳንዱም ቀን አራት ሰዓት ያህል ከመሣሪያው ጋራ ተያይዞ የሚቈይ ሰው ልጆቹን ለማሳደግና ሥራውን ለመሥራት የሚበቃ ዕድሜ ያገኛል። በአዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በ2008 ዓ.ም. ኩላሊት ከዘመድ ወስዶ ለሕመምተኛ መትከል መጀመሩ የሚያስደስት ነገር ነው፤ ሆኖም የሚስማማው ሰጪ ዘመድ የሚያገኝ ሰው ጥቂት ስለ ሆነ፥ የብዙው ሕመምተኛ ሕይወት ያለው በዚሁ በእጥበቱ መሣሪያ ላይ ነው።

እንግዲህ ይህን ያህል የሚጠቅም መሣሪያ ጥንቃቄ ከጐደለው ሌላ በሽታ ከአንዱ ሰው ወደ ሌላው የሚሻገርበት ድልድይ ሊሆን እንደሚችል፥ ሆስፒታል የሚያስተዳድሩና በጀት የሚመድቡ ሹማምንት ሁሉ ሊያውቁት ይገባል። በሽታውም ሐኪሞች ሄፓታይተስ ቢ እና ሄፓታይተስ ሲ ብለው የሚጠሩት፥ በደም የሚተላለፈው የጉበት በሽታ ነው። ሕዝቡ የሰው ዐይን ቢጫ ሆኖ ሲያይ የወፍ በሽታ ይለዋል፤ የሌሊት ወፍ በላዩ ስላለፈችበት ነው የሚልም አይጠፋም። ወፊቱ ግን በዚህ ነገር አንዳች በደል የለባትም። ደግሞም በ2006 እና በ2007 ዓ.ም. በጋምቤላ በስደተኞች ሰፈር የታየው ሄፓታይተስ ኢ የተባለው በተበከለ ውኃ የሚመጣ ስለ ሆነ ከዚህኛው የተለየ ነው፤ ስማቸው ስለ ተመሳሰለ የአንዱን መከላከያ ለሌላው ማዘዝ አይገባም።

ሄፓታይተስ ቢ የያዘው ሰው ደም በዐይን የማይታይ ጠብታ እንኳ ቢሆን፥ በጠረጴዛ ወይም በመሣሪያው ቁልፍ ላይ ደርቆ ሳለ እስከ ሰባት ቀን ድረስ ሰውን የመያዝ ኀይሉን አይለቅም። ነርሷ በአንዱ ሕመምተኛ ክንድ መርፌ ካገባች በኋላ ጓንቷን ሳትለውጥ ወደ ሁለተኛው ብትሄድ፥ የደረሰው ጉዳት በዚያ ቀን አይታወቅም፤ የሚገለጠው ሳምንታትና ወራት ካለፉ በኋላ ነው። የኩላሊት ሕመምተኛ ሰውነት በሽታን የመመከት ኀይሉ የደከመ ስለ ሆነ፥ ብዙ ጊዜ ዐይኑ ሳይለወጥ፥ ትኵሳትም ሳይሰማው በሽታው በውስጡ ተቀምጦ ይቀራል፤ ተቀምጦም ጉበቱን በዝግታ ይበላል። ስለዚህ መልክን አይቶ ይህ ደኅና ነው፥ ያኛው ታሟል ማለት አይቻልም። የሚያስታውቀው የደም ምርመራ ብቻ ነው፤ ምርመራውም አንድ ጊዜ ተደርጎ የሚተው ሳይሆን በየጊዜው የሚደገም ነው።

ይህ ሥጋት ባለጠጎቹን አገሮች አስቀድሞ ያገኘ ነው። በስኮትላንድ በኤዲንበርግ ከተማ በንጉሣዊው ሆስፒታል፥ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1969 እና በ1970 ዓ.ም.፥ በኩላሊት እጥበት ክፍል የገባው የጉበት በሽታ ሕመምተኞቹን ብቻ ሳይሆን ያስታምሟቸው ከነበሩት ሠራተኞች መካከል ጭምር ሰው ገደለ። በዚያ ሆስፒታል የሐኪም ዕውቀትም ሆነ ገንዘብ የጐደለ አልነበረም። በአሜሪካም በ1974 ዓ.ም. በአውሮጳ አቈጣጠር ከመቶ የእጥበት ሕመምተኞች ስድስት ያህሉ በዓመት ውስጥ በሄፓታይተስ ቢ አዲስ ይያዙ ነበር። በ1977 የወጣው ደንብ የሕመምተኛው ሁሉ ደም በየጊዜው እንዲመረመር፥ በሽታው የተገኘበትም ሰው በተለየ ክፍልና በተለየ መሣሪያ፥ በተለዩም ሠራተኞች እንዲታከም አዘዘ። በ1980 ቍጥሩ ወደ መቶ አንድ ወረደ። ይህም የሆነው ክትባቱ ለሕመምተኞች ከመታዘዙ በፊት ስለ ሆነ፥ የሥራ ሥርዐት ብቻውን ምን ያህል ሰው እንደሚያድን ያሳያል።

ነገር ግን ብዙ መሣሪያ ላለው አገር የቀለለው ደንብ ጥቂት ላለው ይከብዳል። አራት ወይም አምስት መሣሪያ ብቻ ያለው ሆስፒታል አንዱን ሄፓታይተስ ቢ ለያዛቸው ለይቶ ቢያስቀምጥ፥ ያ መሣሪያ የቀኑን እኩሌታ ሥራ ፈትቶ ሲቆም፥ ተራ የሚጠብቁት ሰዎች በር ላይ ቆመው ያዩታል። በዚህ ጊዜ አስተዳዳሪው በሁለት ፈተና ይያዛል። አንደኛው ሁሉን ቀላቅሎ በአንድ መሣሪያ ማጠብ ነው፤ ሁለተኛው በሽታው የተገኘበትን ሰው ለአንተ የሚሆን ቦታ የለም ብሎ ማሰናበት ነው። የመጀመሪያው ጤነኛውን ያስይዛል፤ ሁለተኛው ግን በሳምንት ሁለት ጊዜ ካልታጠበ የማይኖረውን ሰው በወረቀት እንደ መግደል ያለ ነው። ሁለተኛው በብዙ ቦታ እንደ ጥንቃቄ የሚቈጠር መሆኑ ያሳዝናል። ለብቻው የተቀመጠውን መሣሪያ እንደ ባከነ ንብረት የሚቈጥር ሹም ካለ፥ ወታደር ጠላት ባልመጣበት ሌሊት ዘብ መቆሙንም ብክነት ሊለው ነው።

ከዚህም ጋራ ደንቡ እንደሚፈራው ያህል የከበደ አይደለም። የተለየ ክፍል ባይገኝ መሣሪያውን ከሰው መተላለፊያ ርቆ በአዳራሹ ጥግ ማኖር ይቻላል፤ በዚያ የምትሠራውም ነርስ በዚያው ሰዓት ልትረዳ የሚገባት፥ በክትባት ወይም ከበሽታው በመዳን መከላከያ በደማቸው የተገኘውን ሕመምተኞች ነው። ለሄፓታይተስ ሲ ደግሞ የተለየ መሣሪያ አያስፈልግም፤ እጅን መታጠብ፥ ጓንትን ለየሕመምተኛው መለወጥ፥ አልጋውንና መሣሪያውን ከአንዱ ወደ ሌላው ሲተላለፍ በመድኀኒት ማጽዳት ይበቃል። በሦስት ወር ገደማ የሚዋጡ አዳዲስ እንክብሎች ከመቶ ሄፓታይተስ ሲ ሕመምተኞች ከዘጠና አምስት የሚበልጡትን ያድናሉ። ስለዚህ በዚህኛው በሽታ ሰበብ ሰውን ማራቅ ምክንያት የለውም።

ወደ አሶሳና ወደ ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል በተመለሰ ጊዜ ነገሩ ሌላ ችግር ይጨምራል። አሶሳ ከአዲስ አበባ ወደ ምዕራብ ከ600 ኪሎሜትር በላይ ትርቃለች። ዓባይ ክልሉን ስለ ከፈለው፥ ከመተከል ወይም ከካማሺ የተነሣ ሕመምተኛ የሚሄድበትን ሆስፒታል የሚመርጠው መንገዱ እንደ ፈቀደለት ነው። የኩላሊት ሕመምተኛ ከአንድ ከተማ ወደ ሌላው፥ ከአንድ እጥበት ክፍል ወደ ሌላው እየተዘዋወረ ይኖራል፤ በየደረሰበትም ደሙ ካልተመረመረ ወይም የቀድሞው ምርመራ ወረቀት አብሮት ካልሄደ በሽታውን ሊያስገባ፥ ወይም ጤነኛ ሄዶ ታሞ ሊመለስ ይችላል። በሱዳን ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የተነሣው ጦርነት በኩርሙክ በኩል ስደተኞችን ወደ አሶሳ ዞን ሲያመጣ፥ ከነርሱም መካከል በአገራቸው እጥበት የጀመሩ ቢኖሩ ደንቡ ለነርሱም ያው ነው።

የዓለም የጤና ድርጅት በ2024 በአውሮጳ አቈጣጠር እንዳስታወቀው፥ በ2022 በዓለም ላይ 254 ሚሊዮን ሰዎች ከሄፓታይተስ ቢ ጋራ ይኖሩ ነበር፤ የሁለቱን በሽታዎች ሸክም ሁለት ሦስተኛ ከሚሸከሙት ዐሥር አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ናት። በኢትዮጵያ ክትባቱ ለሕፃናት ከሌሎቹ ጋራ ተጣምሮ መሰጠት የጀመረው በ1999 ዓ.ም. ነው። ዛሬ ወደ እጥበት የሚደርሱት ሰዎች አብዛኞቹ ከዚያ በፊት የተወለዱ ናቸውና ክትባቱ አልደረሳቸውም። እጥበት ከጀመሩ በኋላ ቢከተቡም ደካማው ሰውነታቸው እንደ ጤነኛው አይቀበለውም፤ መጠኑም እጥፍ እንዲሆን የሚታዘዘው ለዚህ ነው። ስለዚህ ሐኪሙ የስኳር በሽታና የደም ግፊት ያለበት ሰው ኩላሊቱ መድከም ሲጀምር ገና በእግሩ እየሄደ ሳለ ቢያስከትበው፥ በኋላ በአልጋ ላይ ከሚደረገው ሁሉ ይልቃል። ነርሶቹና የጽዳት ሠራተኞቹም አስቀድመው ሊከተቡ ይገባል።

የቤተ ክርስቲያን አባቶችና የመስጊድ ሼኮች በዚህ ነገር ብዙ ሊረዱ ይችላሉ። እንጥል ማስቈረጥ፥ ግርዛት፥ ንቅሳት፥ በምላጭ ፊትን መብጣት፥ አንዱ ስለት ከብዙ ሰው ደም ሲገናኝ በሽታውን ወደየቤቱ የሚያስገባ በር ነው። ሕመምተኛው ከሐኪም አስቀድሞ ምስጢሩን የሚነግረው ለነፍስ አባቱ ስለ ሆነ፥ ጠበል የሚጠመቀው ሰው የእጥበቱን ቀን እንዳያሳልፍ፥ በሽታው ተገኝቶብሃል የተባለውም ከሰው እንዳይሸሽ የሚመክረው ቃል ከማንም ይልቅ የሚሰማው ከነርሱ አፍ ነው።

በአሶሳም ሆነ በሌላ የጠረፍ ከተማ የእጥበት ክፍል ሲከፈት ወይም ሲሰፋ፥ መሣሪያውን የሚያዝዘው ደብዳቤ ስለ ምርመራው መድኀኒት፥ ስለ ክትባቱ፥ ስለ ጓንቱና ለብቻው ስለሚቀመጠው አንድ መሣሪያ በዚያው ገጽ ሊናገር ይገባዋል። እነዚህ ለሚመጣው ዓመት በጀት ይቈዩ የሚል ጽሕፈት ቤት ቢኖር፥ መሣሪያውንም እስከዚያው ሳያስተክል ማቈየቱ አይቀርለትም።