ትንፋሽ ላጠረው ልጅ



ከአርባ ምንጭ በስተሰሜን የምትገኘውን ላንቴን ብዙዎቻችን የምናውቃት በሙዟ ነው። እስቲ ዛሬ እዚያ የምትኖር አንዲት እናት እናስብ። ሌሊት ነው፤ አስም ያለበት ልጇ ደረቱ ሲር ሲር እያለ ትንፋሽ አጥሮታል። ሆስፒታሉ ያለው አርባ ምንጭ ነው፤ መኪና እስኪገኝ ጊዜ ይወስዳል። ሐኪም ያዘዘው ፓፍ በእጇ አለ፤ ነገር ግን «ፓፍ ያስለምዳል» ሲባል ስለሰማች ትፈራለች። ይህ ፍርሃት በየከተማችንም አለ፤ ልጅን ግን ለአደጋ ያጋልጣል።

አስም ሲነሳ የአየር ቧንቧ ጡንቻዎች ይኮማተራሉ፤ ውስጡ ያብጣል፤ አክታም ይበዛበታል። ሳልቡታሞል የተባለው የፓፍ መድኃኒት በቀጥታ ወደ ሳንባ ገብቶ የተኮማተረውን ጡንቻ በደቂቃዎች ውስጥ ያላላል። ኪኒኑና ሽሮፑ ግን በሆድ በኩል ስለሚያልፉ ይዘገያሉ፤ የልብ ትርታንና የእጅ መንቀጥቀጥንም ያበዛሉ። ፓፍ ሱስ አያስይዝም። ልጁ ቶሎ ቶሎ የሚፈልገው ከሆነ በሽታው በቁጥጥር ሥር አለመዋሉን ያመለክታልና ለሐኪም ንገሩ፤ እንደ ቤክሎሜታዞን ያለ፣ እብጠቱን የሚቀንስና በየቀኑ የሚሳብ መድኃኒት ሊታዘዝለት ይችላል።

ሌላው ችግር አወሳሰዱ ነው። ፓፉ በቀጥታ አፍ ውስጥ ሲነፋ አብዛኛው መድኃኒት ምላስና ጉሮሮ ላይ ይቀራል። ይህን ለማስቀረት ስፔሰር የተባለ ዕቃ አለ። ካልተገኘስ? በደቡብ አፍሪካ የኬፕታውን ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጡት ጥናት፣ አስም በተነሳባቸው ልጆች ላይ ግማሽ ሊትር የሚይዝ የፕላስቲክ ጠርሙስ የፋብሪካውን ስፔሰር ያህል እንደሚሠራ አሳይተዋል። ጠርሙሱ እኛ ሃይላንድ የምንለው ዓይነት ነው።

በሃይላንዱ መቀመጫ ላይ በጋለ ሽቦ የፓፉን አፍ ልክ ቀዳዳ አብጁ። በሳሙና አጥባችሁ፣ ሳትወለውሉ አድርቁት። ፓፉን አስገብታችሁ ዙሪያውን አየር እንዳያስወጣ በፕላስተር አሽጉ። ልጁ በጠርሙሱ አፍ በኩል ይተነፍሳል። አፉን መግጠም የማይችል ሕፃን ግን ማስክ ስለሚያስፈልገው ጤና ባለሙያ አማክሩ።

አስሙ ሲነሳ ልጁን ከጭስ አርቃችሁ ቀጥ አድርጋችሁ አስቀምጡት፤ አታስተኙት። ፓፉን ነቅንቃችሁ አንድ ጊዜ ብቻ ንፉ፤ ልጁም አምስት ስድስት ጊዜ በእርጋታ ይተንፍስ። ከዚያ እንደገና ነቅንቃችሁ ሁለተኛውን ንፉ። ብዛቱ ሐኪሙ ባዘዘው መጠን ይሁን።

ከንፈሩ ከጠቆረ፣ መናገር ወይም መጥባት ካቃተው፣ ሲተነፍስ ደረቱ ከጎድኑ ሥር ወደ ውስጥ ከተሰረጎደ፣ ወይም መድኃኒቱ ካላሻለው ሳትዘገዩ ወደ ሆስፒታል ውሰዱት። በመንገድ ላይም ፓፉን መስጠት አታቋርጡ።

ዛሬ ማታ ከመተኛታችሁ በፊት ፓፉ የት እንዳለ፣ አለማለቁንና ጊዜው አለማለፉን ተመልከቱ። አወሳሰዱንም ለአባት፣ ለአያትና ለሞግዚት አሳዩ፤ አስም የሚነሳው እናት ቤት ባለችበት ሰዓት ብቻ አይደለምና።