እርጎአችሁን መድኃኒት ነው ብላችሁ አትሽጡ

 

ዛሬ ከእናንተ አንዱ በድምፅ የላከልኝን ጥያቄ ለሁላችሁም ልመልስ። የማኅበራቸውን እርጎ ተቀብሎ አዲስ አበባ፣ ካዛንቺስ አካባቢ ላሉ ምግብ ቤቶች የሚያደርስ ነጋዴ አለ። ነጋዴው «በጀሪካን መላኩ ይቅር፤ በትንንሽ ዕቃ አሽጉትና ‹ፕሮባዮቲክ፣ ለደም ግፊትና ለጨጓራ ፍቱን› የሚል ወረቀት ለጥፉበት፤ ዋጋው ይጨምራል» አላቸው። ጠያቂያችን «እንለጥፍ ወይስ ይቅርብን?» ይላል።

ይቅርባችሁ። ለምን እንደምል ግን ላስረዳ፣ ምክንያቱም ነጋዴው ሙሉ በሙሉ ውሸት አልተናገረም። ችግሩም እሱ ነው።

በቅርቡ ለሥልጠና አዲስ አበባ ሄጄ ቂርቆስ ዘመድ ቤት ነበር ያረፍኩት። ጎረቤት ያሉ አንዲት እናት፣ እትዬ ብለን የምንጠራቸው፣ ግፊት አለባቸው። ማታ ቡና ላይ ኪኒናቸውን ካቆሙ ሁለት ወር እንደሆናቸው ነገሩኝ። «በእርጎ ተክቼዋለሁ ልጄ፣ ስልክ ላይ አይቼ ነው» አሉኝ። ደነገጥኩ። በማግስቱ ልጃቸው ጤና ጣቢያ ወሰዳቸው። ግፊታቸው ከፍ ብሎ ተገኘና ኪኒናውን ቀጠሉ። እንግዲህ የእናንተ ወረቀት የሚነበበው እንዲህ ባለ ቤት ነው።

አሁን ወደ ሳይንሱ እንምጣ። የወተት ፕሮቲን በክር እንደተሰካ ረጅም ዶቃ ነው። ወተቱ ሲረጋ ጥቃቅኖቹ ተሕዋስያን ይህን ክር ይቆራርጡታል። ሁለት ሦስት ዶቃ የያዘችው አጭር ቁራጭ ፔፕታይድ ትባላለች። አንዳንዷ ቁራጭ ሰውነት ውስጥ ገብታ ሥራ ትሠራለች፤ ያቺን ባዮአክቲቭ ይሏታል። ጃፓኖች በ1990ዎቹ (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) ከኮመጠጠ ወተት ሦስት ሦስት ዶቃ ያላቸውን ሁለት ቁራጮች ለይተው አወጡ። አንዳንድ የግፊት ኪኒኖች የሚሠሩበትን ቦታ እነሱም ይነካሉ ተባለ፤ በሰው ላይ ተሞክረው በአንዳንዱ ጥናት ግፊት ትንሽ ዝቅ አደረጉ። የአውሮፓ የምግብ ደህንነት ባለሥልጣን ግን ጥናቶቹን ሰብስቦ ሲመረምር «የደም ግፊትን ይጠብቃል ለማለት የሚበቃ ማስረጃ የለም» ብሎ የማስታወቂያ ጥያቄውን ሳይቀበል ቀረ። ልብ በሉ፣ ያ ምርት ባክቴሪያው የታወቀ፣ መጠኑ የተለካ፣ በፋብሪካ የተሠራ ነው። የእኛ እርጎ ደግሞ ከቤት ቤት፣ ከቅል ቅል ይለያያል።

ፕሮባዮቲክ የሚለውም ቃል እንዲሁ የሚለጠፍ አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት እና የዓለም ጤና ድርጅት ባለሙያዎች በ2001 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) ያስቀመጡት ትርጉም ሦስት ነገር ይጠይቃል፦ ተሕዋስያኑ በሕይወት ይኑሩ፣ መጠናቸው በቂ ይሁን፣ ለጤና የሚሰጡት ጥቅም ይታወቅ። በሕይወት መኖራቸውን የእኛ እርጎ ያሟላል። ሁለቱን ማን ለካልን? የአገራችን ተመራማሪዎች ከእርጎ ባክቴሪያ ለይተው በጨጓራ አሲድና በሐሞት ውስጥ ይተርፋል ወይ እያሉ በላቦራቶሪ ይፈትሻሉ። ጥሩ ጅምር ነው። ከላቦራቶሪ ብርጭቆ እስከ እትዬ ሆድ ግን ገና መንገድ አለ።

ካዛንቺስ ክትፎ ቤት ገብታችሁ ከሆነ ሳህኑን አስቡት። ቆጮው ጉድጓድ ውስጥ ተብላልቶ የመጣ ነው፣ አይቡ ከአሬራ ነው፣ እንጀራው በእርሾ ነው። ሁሉም የተብላላ ምግብ ነው። ነገር ግን እንጀራው ምጣድ ላይ ሲበስል፣ ቆጮው ሲጋገር፣ አሬራውም አይብ ሊሆን ሲሞቅ ተሕዋስያኑ ይሞታሉ ወይም ይመናመናሉ። ይህ ማለት መብላላቱ ከንቱ ነው ማለት አይደለም። እርሾው የጤፉን ብረት አስሮ የሚይዘውን ፋይቴት የሚባል ነገር ይሰባብራል፣ ብረቱ ለሰውነት ይለቀቃል። ጥቅም አለው፣ ስሙ ግን ፕሮባዮቲክ አይደለም። እርጎም እንዲሁ የተረጋገጠ ጥቅም አለው። ወተት ሆዱን የሚነፋው ሰው እርጎ ሲሆን የሚስማማው ባክቴሪያው የወተቱን ስኳር ስለሚቀንስለት ነው። ያው የአውሮፓ ባለሥልጣን ሕያው ባክቴሪያ ላለው የዮገርት እርጎ ይህንን ተቀብሏል። እናቶቻችን ግን ከሱ በፊት ያውቁታል።

የእርጎን ነገር በአገራችን ብዙ ከመረመሩት አንዱ የማይክሮባዮሎጂ ባለሙያው ሞገሴ አሸናፊ ናቸው። ዕቃውን በወይራ ማጠን ምን እንደሚሠራ ሳይቀር አጥንተዋል፤ ጭሱ የተሕዋስያኑን ዕድገት ያዘገያል። ያው ምርምር የሚያስፈራም ነገር ይዟል። በጥሬ ወተት ውስጥ የገባ የበሽታ ባክቴሪያ ወተቱ ስለኮመጠጠ ብቻ ሁልጊዜ ድራሹ አይጠፋም። እርጎው እንደተለመደው በአንድ ወይም በሁለት ቀን ሲጠጣ አሲዱ ሥራውን ሳይጨርስ ይቀድማል። የከብት ሳንባ ነቀርሳና ብሩሴላም በጥሬ ወተት ይተላለፋሉ።

እዚህ ላይ ብዙዎቻችሁ እንደማትስማሙ አውቃለሁ። እኔ ለሽያጭ የሚሆን ወተት ይፈላ፣ እጅ የማያቃጥል ለብታ እስኪደርስ ይቀዝቅዝ፣ ከዚያ እርሾ ይጨመርበት ባይ ነኝ። የመጀመሪያውን እርሾ ከጥሬ ወተት እርጎ አትውሰዱ፤ የተፈላ ወተት ከሚያረጋ ቤት ወይም ሱቅ ከሚሸጠው ሕያው ባክቴሪያ ካለበት እርጎ ጀምሩ። ቅሉን ግን እንደ ድሮው በደንብ እጠኑት፤ መዓዛውን የሚሰጠው እሱ ነው። ወተቱ ሲፈላ ከአያት ከቅድመ አያት በቅል ሲወርድ የመጣው የየቤቱ ባክቴሪያ አብሮ ይቃጠላል፤ ይህን ስጽፍ ደስ እያለኝ አይደለም። ተመራማሪው ነገ የሚፈልገው እሱን ነው። ከየገበሬው ቤት ናሙና ተወስዶ ቢቀመጥ ምንኛ በወደድኩ። እስከዚያው ግን የሰው ልጅ ሳንባ ይቀድማል።

ሌላው፣ አንዳንዴ «ወተቱ አልረጋ አለኝ፣ ቡዳ ነው» የምትሉት ነገር። ላሟ ጡቷ አብጦ መድኃኒት ተወግታ ነበር? ፔኒሲሊን ወይም ሌላ ፀረ ተሕዋስያን ከተሰጣት መድኃኒቱ ወደ ወተቱ ይወርዳል፣ የሚያረጋውንም ባክቴሪያ ይገድላል። ማፍላት መድኃኒቱን አያጠፋውም። እንግዲህ ያልረጋው ወተት እየነገራችሁ ያለው ስለ መርፌው ነው። የእንስሳት ሐኪሙን «ወተቱን ስንት ቀን ልድፋ?» ብላችሁ ጠይቁት፣ በነገራችሁ ቀን ልክ ድፉት። ከጤነኛ ላም ወተት ጋር ቀላቅሎ ማሳለፍ የሚባለውን ብልጠት ተዉት።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ፋጉሎው ነው። በ2016 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የታተመ አንድ ጥናት ለአዲስ አበባ ወተት ከሚያቀርቡ አካባቢዎች 110 የወተት ናሙና ወስዶ ሁሉም ውስጥ አፍላቶክሲን የሚባለውን የሻጋታ መርዝ አገኘ። የአውሮፓን ጥብቅ ልክ፣ ማለትም በሊትር 0.05 ማይክሮግራም፣ ያላለፉት 9 ናሙናዎች ብቻ ነበሩ። 29ኙ ደግሞ ከ0.5 ማይክሮግራም በላይ ነበሩ፤ ይህ ላላ ያለውን የአሜሪካ ልክ እንኳ ያልፋል። መርዙ በብዛት የተገኘበት መኖ የኑግ ፋጉሎ ነው። ላሟ የሻገተ ስትበላ መርዙ ተለውጦ በወተት ይወጣል፤ ብታፈሉትም ብታረጉትም አይጠፋም። ጉበት የሚጎዳ መርዝ ያለበት እርጎ ላይ «ፍቱን» ብሎ መለጠፍ ምን ይባላል? ፋጉሎ ስትገዙ ሰብራችሁ ውስጡን እዩ፣ አሽትቱ። የረጠበና የሻገተ ከሆነ ነጋዴው ቢቀንስላችሁም አትውሰዱ። ቤትም መሬት ላይ ሳይሆን ቆጥ ላይ፣ ከግድግዳ ራቅ አድርጋችሁ አስቀምጡ። በክረምት ብዙ አታከማቹ።

«ይህን ሁሉ ብናደርግ ማን ያውቅልናል?» ትሉኝ ይሆናል። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ካዛንቺስ በ2017 ዓ.ም. ፈርሶ ነዋሪው ወደየዳሩ ከሄደ ወዲህ ደጅ ለደጅ እርጎ የሚያደርሱ ሴቶች ደንበኞቻቸው ተበትነውባቸዋል። ድሮ ገዢዋ «የእገሊት እርጎ» ብላ በስም ታውቅ ነበር። አሁን በማታውቀው ሰው እጅ የሚመጣ የታሸገ ዕቃ ነው የምታየው። ስለዚህ ወረቀቱ ያስፈልጋል፤ ነጋዴው በዚህ አልተሳሳተም። የሚጻፍበትን ነው የተሳሳተው።

ጠያቂያችን፣ ማኅበራችሁ ወረቀቱን ያሳትም። የማኅበሩ ስምና ቀበሌው ይኑርበት። «ከተፈላ ወተት የተዘጋጀ» ይበል፣ በእርግጥ ካፈላችሁ። የረጋበት ቀን፣ እስከ መቼ እንደሚጠጣ፣ የሚደወልበት ስልክ። በወይራ የታጠነ ከሆነም ጻፉት፤ አዲስ አበባ ያለ ሰው ያንን መዓዛ ይናፍቃል። ግፊትና ጨጓራ የሚለውን ሰርዙት። ነጋዴው እምቢ ካለ የወረቀቱን ፎቶ ላኩልኝ፣ በሚቀጥለው ሳምንት አብረን እናናግረዋለን።