ውል የሌለው ደባልና የተቀየረው ቁልፍ፦ ስለ ይዞታ ጥበቃ የቀረበ አስተያየት

«ደባል» የሚለው ቃል በኢትዮጵያ ከተሞች ኑሮ ውስጥ ሰፊ ቦታ አለው፤ በሕጉ ውስጥ ያለው ቦታ ግን ጠባብ ነው። ደባል ማለት ሌላ ሰው በስሙ በተከራየው ቤት ውስጥ፣ ብዙውን ጊዜ ኪራዩን እየተጋራ፣ አብሮ የሚኖር ሰው ነው። በኪራይ ውሉ ላይ ስሙ አይገኝም። አከራዩ አንዳንድ ጊዜ ያውቀዋል፣ አንዳንድ ጊዜ «የተከራዬ እንግዳ ነው» ብሎ ያልፈዋል፣ አንዳንድ ጊዜም ጭራሽ አያውቀውም። እንዲህ ያለው ሰው አንድ ቀን «ውጣ» ሲባል ምን መብት አለው?

የተለመደው መልስ አጭር ነው፤ ውል የለውምና መብትም የለውም የሚል ነው። ይህ መልስ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ያደባልቃል። አንደኛው በቤቱ ውስጥ የመቆየት መብት ሲሆን ሁለተኛው ያለ ማስጠንቀቂያና ያለ ፍርድ በተቀየረ ቁልፍ ደጅ ያለመጣል መብት ነው። ደባል የመጀመሪያው መብት ላይኖረው ይችላል፤ ብዙ ጊዜም የለውም። ሁለተኛውን ግን በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ራሱ ይሰጠዋል። የጎደለው ድንጋጌ አይደለም፤ ድንጋጌው ለዚህ ሰው ጭምር የተጻፈ መሆኑን ማስተዋል ነው።

የጉዳዩ መነሻ

ደባልነት ዛሬ የመጣ የኑሮ ዘዴ አይደለም። የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47/1967 በሐምሌ 1967 ዓ.ም. ሲታወጅ የነበረውን የአከራይና የተከራይ ግንኙነት ከሥሩ ለወጠው። አብዛኛው አነስተኛ ኪራይ ያለው ቤት በቀበሌ እጅ ገባ። ከዚያ በኋላ ወደ ከተማ የመጣ ዘመድ፣ የተዳረች ልጅ፣ ሥራ ፈላጊ ወንድም መጠጊያው የቀበሌ ቤት ያለው ሰው ነበር። ዋናው ተከራይ በቀበሌው መዝገብ ላይ የተጻፈው ነው፤ ሌላው ደባል ነው። ዋናው ተከራይ ሲሞት ወይም አካባቢውን ሲለቅ «ቤቱ ለማን ይሁን» የሚለው ክርክር ያን ጊዜም የነበረ ነው።

ዛሬ ችግሩ ወደ ግል ቤቶች ተሻግሯል። በደሴ ኪራይ ሲወደድ አንድ ክፍል ለሁለትና ለሦስት መጋራት የተማሪው፣ የቀን ሠራተኛው፣ የአዲስ ተቀጣሪው መምህር ኑሮ ነው። ቅጥር ግቢ ውስጥ በተሠሩ የሰርቪስ ክፍሎች የሚኖሩት ሁሉ ውል የፈረሙ አይደሉም፤ ብዙዎቹ የፈረመውን ሰው ተከትለው የገቡ ናቸው። በ2013 መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ደግሞ ከሰሜን ወሎና ከራያ በጦርነቱ የተፈናቀሉ ሰዎች ወደ ደሴ ሲገቡ ሁሉም በትምህርት ቤትና በመጠለያ አላረፉም። በዘመድና በወዳጅ ቤት የተጠጉት ብዙ ነበሩ። ለሳምንት የታሰበ እንግድነት ወራትን ሲያስቆጥርና እንግዳው የመብራትና የውሃ ድርሻ መክፈል ሲጀምር፣ ማንም ሳያውጅ እንግዳው ደባል ይሆናል። ይህ ሽግግር በየትኛው ቀን እንደተፈጸመ የሚናገር ወረቀት የለም።

የውል ሕጉ መልስ

በውል ሕጉ ብቻ ከተመለከቱት የደባል ጉዳይ ቶሎ ያልቃል። በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1731 መሠረት በሕግ አግባብ የተቋቋመ ውል ባቋቋሙት ሰዎች መካከል እንደ ሕግ ነው፤ በቁጥር 1952 መሠረት ደግሞ ውል በመርህ ደረጃ ውጤት የሚኖረው በተዋዋዮቹ መካከል ብቻ ነው። ደባል ከአከራዩ ጋር አልተዋዋለም፤ ስለዚህ አከራዩን «ውሌን አክብርልኝ» ሊለው አይችልም። ሕጉ ተከራይ ለሌላ ሰው ስለሚያከራይበት ሁኔታ ደንብ አለው፤ የአከራዩ ፈቃድ በውሉ ውስጥ ግዴታ ከተደረገና ፈቃዱ ካልተገኘ ግን ደባሉ በዚህም በኩል ብዙ አያተርፍም።

ከዋናው ተከራይ ጋር ያለው ግንኙነት የተለየ ነው፤ ይህ ልዩነት ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ወር በገባ ቁጥር የኪራዩን ግማሽ የሚሰጥ ሰውና ገንዘቡን የሚቀበለው ሰው፣ ምንም ባይጽፉም፣ ተስማምተዋል። ሕጉ የተለየ ፎርም እስካላዘዘ ድረስ ውል በማናቸውም መንገድ እንደሚቋቋም ቁጥር 1719 ይናገራል። ስምምነቱ የጊዜ ገደብ ከሌለው ደግሞ የሚቋረጠው በማስጠንቀቂያ ነው፤ ውል በቅን ልቦና መተርጎም እንዳለበትም ቁጥር 1732 ያዛል። ዛሬ ከፍሎ ነገ ደጅ የተጣለ ሰው ቢያንስ ያልኖረበትን ቀሪ ቀን ሒሳብ ይጠይቃል። ማስረጃው አስቸጋሪ ነው የሚለው ክርክርም እንደ ቀድሞው አይደለም፤ በቴሌብር ወይም በባንክ የተላከ ገንዘብ ቀንና መጠን ይዞ ይቀመጣል።

በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ለተከራዮች ትልቅ እርምጃ ነው። ውሉ በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ፣ ዝቅተኛው የውል ዘመን 2 ዓመት እንዲሆን፣ ቅድመ ክፍያ ከ2 ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ይደነግጋል። ዓይኑ ግን ያረፈው በአከራይና በተከራይ ላይ ነው። የተመዘገበ ተከራይ ይበልጥ በተጠበቀ ቁጥር ያልተመዘገበው አብሮ አዳሪ ይበልጥ ከሕግ ውጭ ሆኖ የመታየት አደጋ አለው። «ሕጋዊው ተከራይ እኔ ነኝ፣ ውሌ ተመዝግቧል» የሚለው ቃል ክፍሉን በሚጋሩ ሰዎች መካከል አዲስ ሥልጣን ይሆናል። ይህ የአዋጁ ዓላማ እንዳልነበረ ግልጽ ነው።

ይዞታ፦ የተዘነጋው በር

የፍትሐ ብሔር ሕጉ በቁጥር 1140 ይዞታን የሚተረጉመው አንድ ሰው በአንድ ነገር ላይ በእውነት ባለው አዛዥነት ነው። የሚጠይቀው «በእጁ ነው ወይ» ብሎ እንጂ «ወረቀት አለው ወይ» ብሎ አይደለም። ቁጥር 1149 ይዞታው የተወሰደበት ወይም ሁከት የተፈጠረበት ሰው ነገሩ እንዲመለስለት ወይም ሁከቱ እንዲወገድለት፣ ኪሣራም እንዲከፈለው መጠየቅ እንደሚችል ይደነግጋል። በፍርድ ቤቶች «ሁከት ይወገድልኝ» እየተባለ የሚታወቀው ክስ መሠረቱ ይህ ነው። ለዚህ ጽሑፍ ዋናው ቁም ነገር ድንጋጌው ባለይዞታውን ብቻ ሳይሆን ነገሩን በእጁ አድርጎ የሚገኘውንም ሰው የሚጠብቅ መሆኑ ነው። ደባል ቤቱ የእኔ ነው አይልም። አልጋው፣ ልብሱና መጽሐፉ ግን እዚያ ናቸው፤ የበሩ ቁልፍ በኪሱ ነው፤ ሌሊቱን የሚያድረው እዚያ ነው። ይህ በእጅ ማድረግ ካልሆነ ቃሉ ምን ሊቀረው እንደሚችል ማሰብ ያዳግታል።

የማስረጃው ሸክምም ይቀላል። በዚህ ክስ የሚረጋገጠው የውል መኖር ሳይሆን የኑሮ እውነታ ነው፤ እውነታን ደግሞ ጎረቤትም፣ የሱቅ ባለቤትም፣ ውሃ የምትቀዳው የግቢ ልጅም ሊመሰክሩለት ይችላሉ።

መቃወሚያ አለ፤ ቀላልም አይደለም። ያው ቁጥር 1149 ተከሳሹ ድርጊቱን ትክክል የሚያደርግ መብት እንዳለው ወዲያውኑና በማያጠራጥር ሁኔታ ካስረዳ ይዞታው እንዲመለስ እንደማይታዘዝ ይናገራል። ዋናው ተከራይ የተመዘገበ ውሉን ይዞ ቢቀርብ ይህ አይበቃም ወይ? ዓረፍተ ነገሩ በጥሞና ሲነበብ አይበቃም። ማስረዳት የሚጠበቅበት በቤቱ ላይ መብት እንዳለው ሳይሆን ያደረገውን ለማድረግ መብት እንዳለው ነው። የኪራይ ውል በቤቱ የመኖር መብትን ያሳያል፤ በፈቃዱ አስገብቶ ኪራይ የተቀበለውን ሰው በጓጉንቸር የማስወጣት መብትን አያሳይም። በቁጥር 1148 የተፈቀደው ኃይልም ድንገተኛ ወረራን ለመመከት ነው፤ ተጋብዞ የገባ ሰው ወራሪ አይባልም።

ጓጉንቸሩን የሚያደርገው ማን ነው?

ነገሩ በተጨባጭ ሲታይ ልዩነቶች ይወጣሉ። ለማሳያ በገራዶ አንድ ክፍል የሚጋሩ ሦስት ሰዎች ይታሰቡ። ውሉን የፈረመው አንዱ ብቻ ነው። ፈራሚው ከሁለቱ ጋር ተጣልቶ ቁልፍ ቢቀይር ጉዳዩ ከላይ የተባለው ነው፤ ማስጠንቀቂያ ሳይሰጥ፣ የተቀበለውን ሳይመልስ ሊያባርራቸው አይገባም። ፈራሚው ወደ ሌላ ከተማ ተዛውሮ ቢሄድና አከራዩ በማግሥቱ በሩን ቢቆልፈው ግን ነገሩ ይከብዳል። አከራዩ ከቀሪዎቹ ጋር ውል የለውም፤ ቤቱ የራሱ ነው፤ «ያከራየሁት ለአንድ ሰው ነው፣ ሽንት ቤቱና ውሃው የተሰላው ለአንድ ነው» ቢል ቅሬታው ከንቱ አይደለም። ቢሆንም ለወራት በግቢው ሲገቡና ሲወጡ ያያቸውን፣ አንዳንዴም ኪራዩን ከእጃቸው የተቀበላቸውን ሰዎች ማስወጣት የሚችለው በማስጠንቀቂያ፣ ካልወጡም በፍርድ ቤት ነው።

ሦስተኛው ሁኔታ ይበልጥ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ደባሉ ራሱ አደገኛ ሊሆን ይችላል። ከምትኖርበት ክፍል የጓደኛዋን ወንድም ወይም የቀድሞ እጮኛዋን ማስወጣት ያቃታት ሴት ዘንድ «የአንድ ወር ማስጠንቀቂያ ስጪው» ማለት ሕግን በጭካኔ መተርጎም ነው። የይዞታ ጥበቃ ዛቻንና ድብደባን አይጠብቅም፤ እዚህ ላይ ፖሊስ «የፍትሐ ብሔር ጉዳይ ነው» ብሎ እጁን ሊሰበስብ አይገባም። የሚያሳዝነው፣ ይኸው አባባል ንብረቱ ተቆልፎበት ወደ ጣቢያ ለሚሄደው ደባልም፣ ዛቻ ለሚደርስባት ሴትም የሚሰጥ መልስ መሆኑ ነው።

ስለ ንብረት አንድ ነገር መነሣት አለበት። በተቆለፈው በር ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚቀረው ፍራሽና ምድጃ ብቻ አይደለም፤ መታወቂያ፣ የትምህርት ማስረጃ፣ የተማሪ ላፕቶፕ አለ። አከራዩ ወይም ዋናው ተከራይ ዕዳ አለ ብሎ እነዚህን መያዣ ሲያደርግ የቤት ክርክር የሰውየውን ሥራና ትምህርት ያግታል። ደባልነቱ አከራካሪ ቢሆን እንኳ ዲፕሎማው የራሱ መሆኑ አያከራክርም።

ጊዜ ዋናው ጠላት ነው። በቁጥር 1149 ክሱ የሚቀርብበት የ2 ዓመት ጊዜ ድንበሩ ለተገፋበት ገበሬ በቂ ነው፤ ዛሬ ማታ ማደሪያ ላጣ ሰው ግን ትርጉም የለውም። ስለዚህ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ያለው የጊዜያዊ እግድ ትእዛዝ በእንዲህ ያለ ጉዳይ ቸል ሊባል አይገባም። የሰበር ሰሚ ችሎት የሕግ ትርጉም በአዋጅ ቁጥር 1234/2013 መሠረት የክልል ፍርድ ቤቶችንም ስለሚያስገድድ፣ በደባል ይዞታ ላይ የሚሰጥ ግልጽ ትርጉም ከአዲስ አዋጅ ይልቅ ቶሎ ወደ ወረዳ ችሎት ይደርሳል።

የሌሎች አገሮች ሕግም እዚህ ላይ አንድ ዓይነት አይደለም። የደቡብ አፍሪካ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 ማንም ሰው ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ከቤቱ አይወጣም ይላል። በኒው ዮርክ 30 ተከታታይ ቀን በቤቱ የኖረ ሕጋዊ ነዋሪ፣ ውል ባይኖረውም፣ የሚወጣው በፍርድ ቤት ሂደት ነው። እንግሊዝ ግን ከአከራዩ ጋር አንድ መኖሪያ የሚጋራን ሰው ከዚህ ጥበቃ አውጥታ ምክንያታዊ ማስጠንቀቂያ ብቻ ትሰጠዋለች፤ አንድ ማጀት የሚጋሩ ሰዎችን ለወራት በክርክር ማቆየት ለሁለቱም ቅጣት ነው ከሚል ስሌት ይመስላል። ለኢትዮጵያ ሁኔታ የሚቀርበው የእንግሊዙ መንገድ ነው። ወርሃዊ ድርሻ ለሚከፍል ደባል የአንድ ወር፣ ለማይከፍል እንግዳ ደግሞ ዕቃውን ሰብስቦ ሌላ ማረፊያ የሚፈልግበት ጥቂት ቀናት ማስጠንቀቂያ ቢሰጥ ማንንም አይጎዳም።

ጥበቃው ከበዛ አከራዮች ለብቸኛ ሰው ካልሆነ አናከራይም ይላሉ የሚል ስጋት ይነሣል። ስጋቱ እውነት የሚሆነው ደባል የማይነቀል ከሆነ ነው፤ እዚህ የተባለው ግን መነቀሉ ሥርዓት ይኑረው ነው። ውሎችን የሚመዘግበው አካል በቅጹ ላይ «በቤቱ አብረው የሚኖሩ ሰዎች» የሚል ክፍት ቦታ ቢጨምር፣ ስምና የገባበት ቀን ቢሞላበት፣ አከራዩም ስንት ሰው እንደሚኖር አውቆ ኪራዩንና የውሃ ሒሳቡን በዚያው ልክ ይነጋገራል። የተጻፈው ስም ተከራይ አያደርግም፤ ሰውየው ከመቼ ጀምሮ በቤቱ እንደኖረ ግን ያሳያል። ቅጹን ለማሻሻል አዋጅ ማውጣት አያስፈልግም፤ የምዝገባ ሥራው ገና በመጀመር ላይ ባለባቸው ከተሞች ደግሞ አሮጌ ቅጽ የመቀየር ጣጣ እንኳ የለም።