«ሽታው ካንቺ ነው» አሉኝ

ደብዳቤው የመጣው ከአምባ ጊዮርጊስ ነው። ጸሐፊዋ ሥራ ከያዘች ገና ሁለተኛ ዓመቷ ነው። የራሱ መታጠቢያ ቤት ያለው ክፍል አግኝታ ደስ ብሏት ነበር የገባችው። አሁን ከእጅ መታጠቢያው ሥር ውሃ ይንጠባጠባል፤ ከሥራ ስትመለስ ደግሞ ክፍሉ በጉድጓድ ሽታ ታፍኖ ይጠብቃታል። አከራይዋ «አንቺ ከገባሽ ወዲህ የመጣ ሽታ ነው፤ ወይ አሠሪ ወይ ልቀቂ» ብለዋታል። ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ የእጮኛዋ ቤተሰቦች ሊጠይቋት ይመጣሉ። አንዱ የሥራ ባልደረባዋ «ወንድ እስኪመጣ ጠብቂ» አላት። «ምን ይሻለኛል?» ትላለች።

ምን ላርግሽ እህቴ፣ ወንዱን አትጠብቂ! ከደብዳቤሽ አንዲት መስመር ሁሉን ነገር ነገረችኝ፤ «ኩባያ ከምትመስለው ነገር ሥር ጠብ ጠብ ይላል» ያልሺው። ሽታውና ፍሳሹ ሁለት ችግር መስሎሻል። አንድ ናቸው።

ያቺ ኩባያ የሲፎኑ ሆድ ናት (ከሽንት ቤቱ ጀርባ ያለውን ማለቴ አይደለም)። ውስጧ ሁልጊዜ ውሃ ተኝቶ መቅረት አለበት፤ ከጉድጓዱ ሽቅብ የሚመጣውን ጋዝ የሚዘጋው እሱ ነው እንጂ ክዳን አይደለም። በውሃ ሽታን የመዝጋቱን ዘዴ እንደ ፈረንጆች በ1775 ለሽንት ቤት ብሎ ለንደን ውስጥ ያስመዘገበው አሌክሳንደር ካሚንግ ሰዓት ሠሪ ነበር፤ ሰዓት ሠሪ ምን አገባው አትበይ። እንግዲህ ኩባያዋ ከሥር ካፈሰሰች አንቺ ሥራ ውለሽ እስክትመጪ ውሃው ያልቃል፣ በሩ ይከፈታል። ነገሩን እንደ ቅንጦት አትይው። በ2003 ሆንግ ኮንግ፣ አሞይ ጋርደንስ በሚባል የመኖሪያ መንደር ሳርስ ከ300 ሰው በላይ ሲይዝ፣ መርማሪዎች ከጠረጠሯቸው መንገዶች አንዱ የመታጠቢያ ቤት ወለል ላይ የደረቁ ሲፎኖች ነበሩ።

አሁን ወደ ሥራው። ባልዲ ከሥር አድርጊ። ቧንቧውን አትክፈቺ። ኩባያዋን በእጅሽ ወደ ግራ አዙሪያት፤ ከጠነከረችብሽ ጨርቅ ጠቅልለሽ ያዣት። ብረት መፍቻ አትንኪ፣ ፕላስቲክ ይሰነጠቃል። ስትወርድ የሚወጣውን የፀጉርና የሳሙና ዝቃጭ አይተሽ እንዳትደነግጪ። ዋናው ነገር አፏ ላይ ያለችው የጎማ ቀለበት ናት። ደርቃ፣ ተጨማዳ ወይም ተቆርጣ ታገኛታለሽ። ጥፋተኛዋ እሷ ናት። ቀለበቷን ይዘሽ ወደ ዕቃ መሸጫ ሂጂ፣ እዚያው ከሌለ ጎንደር ውረጂ፤ መጠኗን በቃል አትንገሪያቸው፣ አጠገብ ለአጠገብ አስተያዪ። ስትመልሺያት የሚገጥሙበትን ጠርዝ በደንብ ጥረጊ፤ አንዲት ፍሬ አሸዋ ልፋትሽን ገደል ትከታለች። ቴፍሎን አትጠምጥሚ። ብዙ ሰው ጥርሱን በቴፍሎን ይጀቡናል፤ እዚህ ቦታ ውሃውን የሚይዘው ጎማው ነው። በእጅሽ ጥብቅ ካለ በቃ።

ከዚያ መውጫውን ዘግተሽ ሳህኑን ሙዪና በአንዴ ልቀቂው። በየመጋጠሚያው ሥር ደረቅ ሶፍት አስነኪ፤ ዓይን የማያየውን ጠብታ ሶፍት ያሳያል። ሳህኑ ሞልቶ ገና ሳትለቂው ካንጠባጠበ፣ የሚያፈሰው የሳህኑ መውጫ ቀዳዳ ነው። ማንም ሳይጠቀም ቀንና ሌሊት ካንጠባጠበ ደግሞ ንጹሕ ውሃ የሚያመጣው ቱቦ ነውና ያኔ ለባለሙያ ተዪው።

ይህን ሁሉ አድርገሽ ሽታው ካልጠፋ ቱቦው ወለሉ ውስጥ የሚገባበትን ቦታ እዪ። በብዙ የኪራይ ቤት ቱቦው ሰፊ ጉድጓድ ውስጥ እንዲሁ ተወትፎ ዙሪያው ክፍት ይቀራል። ዙሪያውን በሲሊኮን ድፈኚው። ውሃ ለሳምንታት ሲጠፋ ወይም አገር ቤት ስትሄጂ ደግሞ አንድ ብርጭቆ ውሃ ጨምረሽ፣ ከላዩ አንድ ማንኪያ ዘይት ጣል አድርጊበት፤ ዘይቱ ውሃው ቶሎ እንዳይተን ያግዳል።

እመቤቲቱን በተመለከተ፣ ሳትጠግኚ በፊት አትከራከሪያቸው። የተቆረጠችውን ጎማ በወረቀት ጠቅልለሽ አስቀምጪና ሥራው ካለቀ በኋላ «እማማ፣ ይኸው እዚህ ቤት ያገኘሁት» ብለሽ እጃቸው ላይ አኑሪላቸው። ዓመታት ያደረቃት ጎማ መሆኗን ያያሉ። ለእንግዶችሽ ግን ምንም አትንገሪ።