ለብዙ ጊዜ የቆመች መኪናና የረጋ ዘይቷ

በየግቢው ጥግ ሸራ ለብሰው፣ ጎማቸው ተንፍሶ የቆሙ ቮልስዋገኖች ጥቂት አይደሉም። ባለቤቱ ታሟል፣ ርቆ ሄዷል፣ ወይም በሕይወት የለም። እናት መኪናዋን የምታስታውሳት የልጆች ትምህርት ቤት ክፍያ ሲደርስ ነው። ያን ጊዜ ደላላው ይመጣና «እትዬ፣ ሞተሩ ተጣብቆ ቀርቷል፤ በቁራጭ ብረት ዋጋ ልውሰድልዎ» ይላል። እውነቱን ይሆናል፤ ላይሆንም ይችላል። ሳያረጋግጡ መሸጥ ግን የልጆችን ገንዘብ መጣል ነው።

ሞተር በሚሠራበት ጊዜ ከቃጠሎው የሚወጣው ጥላሸት፣ አሲድና ውሃ ከዘይቱ ጋር ይቀላቀላል። መኪናዋ ረዘም ያለ መንገድ ብትሄድ ውሃው በሙቀት ተንኖ ይወጣል። ቆማ ስትከርም ግን የክረምቱ እርጥበት ይጨመርበታል፣ ዘይቱም ከአየር ጋር እየተዋሐደ ይወፍርና ሬንጅ የመሰለ ዝቃጭ ከታች ይተኛል። ውሃ የበዛበት እንደሆነ መልኩ ነጥቶ እርጎ ይመስላል። «ዘይት አይበላሽም» የሚሉን ሰዎች ምናልባት ያልተከፈተ ጣሳ አይተው ይሆናል!

ከሁሉ የከፋው ስሕተት ባትሪ ተውሶ ወይም የሰፈር ልጆች ጠርቶ በግፊ ማስነሣት ነው። በቆየ ሞተር ውስጥ ዘይቱ ከብረቶቹ መካከል ወርዶ አልቋል፤ ፓምፑም የረጋውን መሳብ አይችልም። ብረት ከብረት ይፋተጋል፤ ደህና የነበረውም ሞተር በደቂቃዎች ውስጥ ይበላሻል።

ስለዚህ መካኒኩ ሲመጣ አጠገቡ ቁሙ። በመጀመሪያ አራቱን ካንዴላዎች ያውጣ፤ በየቀዳዳው አንድ ማንኪያ ያህል ንጹሕ የሞተር ዘይት ጨምሮ ይደር። በማግሥቱ ማርሹ ዜሮ ላይ መሆኑ ከታየ በኋላ፣ በ21 ቁጥር ቁልፍ የዲናሞውን ፑሊ ብሎን ይዞ በሰዓት አቆጣጠር አቅጣጫ በዝግታ ያዙር። ሞተሩ አብሮ ከዞረ የደላላው ወሬ እዚያው ወደቀ። እምቢ ካለ ጉልበት አያስፈልግም፤ ዘይት ጨምሮ ጥቂት ቀናት መጠበቅ ነው።

ቀጥሎ አሮጌው ዘይት ይወጣል። ቀዝቃዛና ወፍራም ዘይት ቶሎ አይወርድምና የቀትር ፀሐይ ሲሞቅ ቢደረግ ይመረጣል። የቮልስዋገን ቢትል ሞተር እንደ ሌሎች መኪኖች የወረቀት ማጣሪያ የለውም፤ ከሥሩ በ6 ብሎኖች የታሰረ ክብ ክዳንና አንዲት ወንፊት ብቻ ነው ያለው። ዝቃጩ የሚጠራቀመው እዚያ ስለሆነ ክዳኑ ተከፍቶ ወንፊቷ መታጠብ አለባት፤ ጓርኒሲዮኑም በአዲስ ይተካል። «ክዳኑን መክፈት አያስፈልግም» የሚል መካኒክ ካጋጠማችሁ ሌላ ፈልጉ። ከዚያ 2.5 ሊትር አዲስ ዘይት ይሞላል። ካንዴላዎቹ እንደወጡ፣ የእሳት መስመሩ ተነቅሎ፣ የዘይት መብራቷ እስክትጠፋ ድረስ በሞተሪኖ እያረፉ ማዞር ይገባል። በታንከሩ የቆየው ቤንዚንም እንዲሁ ተበላሽቷል፤ ይለወጥ። ይህ ሲደረግ በግቢው ከሰል እንዳይቀጣጠል። ሞተሩም በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ አይነሣ፤ ጭሱ ይገድላል።

አንዳንድ መካኒኮች ናፍታ ሞልተው ሞተሩን በማስነሣት «እናጥበዋለን» ይላሉ። አትፍቀዱ። ናፍታ ቀጭን ነው፣ ብረቱን አይጠብቅም፤ የተፈነቀለውም ዝቃጭ መተላለፊያውን ይዘጋል። ይልቅ አዲሱን ዘይት ጥቂት ከተነዳ በኋላ ደግሞ መቀየር ይሻላል። ወጪው ከሞተር እድሳት ጋር አይወዳደርም።

መኪናዋ ከተነሣች በኋላ ቦሎና ሊብሬ መታየታቸው አይቀርም። ሊብሬው በሟች ስም ከሆነ የወራሽነት ማስረጃ ከፍርድ ቤት ማውጣቱን ከሽያጩ በፊት ጀምሩ፤ ይህ ከዘይቱ የበለጠ ጊዜ ይወስዳል።

የወጣውን ጥቁር ዘይት ወደ ቦይ አታስደፉ። ለአጥር እንጨት ምስጥ መከላከያ የሚቀቡት አሉ፤ ከጎመኑ መደብና ከውሃ ጉድጓድ ግን ይራቅ። ቆዳን ደጋግሞ ከነካ ለካንሰር ሊዳርግ ስለሚችል ሠራተኛው ጓንት ያድርግ፣ እጁንም በሳሙና ይታጠብ። የዘይት ጨርቁንም ከልጆች ልብስ ጋር አትዘፍዝፉ። ዘይቱን በተከደነ ጀሪካን አስቀምጣችሁ አሮጌ ዘይት ለሚሰበስቡ ጋራዦች ስጡ፤ ጀሪካኑም ዳግመኛ ለውሃም ሆነ ለምግብ ዘይት እንዳይውል ምልክት አድርጉበት።