ማታ ማታ ጀበናው ይረፍ

እራት ተበልቶ ትሪው ከተነሣ በኋላ በብዙ ቤት ቀጥሎ የሚሰማው የሙቀጫ ድምፅ ነው። በከተማ ቤተሰቡ ተሟልቶ የሚቀመጠው ማታ ብቻ ስለሆነ፣ ረፋድ ላይ ሊፈላ ይችል የነበረው ቡና በሥራና በታክሲ ሰልፍ ተገፍቶ ወደ ምሽቱ 2 እና 3 ሰዓት ወርዷል። አቦሉ ተጠጥቶ፣ ቶናው ተከትሎ፣ በረካው እስኪመጣ ጨዋታው ይደራል፤ ከዚያ ሰው ሁሉ ወደ መኝታው ይሄዳል። የምሟገተው ስለዚህች ሰዓት ነው። የማታው ጀበና ቦታውን ለአበባና ለቅጠል ሻይ፣ ለካሞሚል፣ ለጦስኝ፣ ለከርከዴ ቢለቅ ሌሊታችን ይሻላል ባይ ነኝ። ምክንያቴ ግን እነዚህ ዕፅዋት እንቅልፍ ያስወስዳሉ የሚለው አይደለም። ያ አባባል በሻጮች አፍ ከማስረጃው በላይ ገንኗል፤ እሱን ይዤ ብነሣ ነገሬ በመጀመሪያው ጥያቄ ይፈርሳል። የምደገፈው በሁለት ነገር ነው፤ ስኒው ውስጥ በሌለውና በስኒው ዙሪያ ባለው።

ከሌለው ልጀምር። ነቅተን በዋልን ቁጥር አዴኖሲን የሚባል ንጥረ ነገር አንጎላችን ውስጥ ይጠራቀማል፤ ማታ ላይ ዓይናችንን የሚያከብደው በከፊል እሱ ነው። ካፌይን ደግሞ አዴኖሲን የሚያርፍበትን ቦታ ቀድሞ ይይዝበታል። ድካሙ እዚያው አለ፣ ወሬው ግን አይደርሰንም። ወደ ጤነኛ አዋቂ ሰው ደም የገባ ካፌይን በግማሽ ለመቀነስ በአማካይ 5 ሰዓት ያህል ይፈጅበታል፤ እንግዲህ ከምሽቱ 2 ሰዓት የተጠጣው ቡና ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ ግማሹ ገና ሥራ ላይ ነው ማለት ነው። ክሪስቶፈር ድሬክና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2013 (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) አሜሪካ ውስጥ ባወጡት ጥናት፣ እንቅልፋቸው ደህና የሆነ 12 ሰዎች ከመኝታቸው 6 ሰዓት አስቀድመው 400 ሚሊግራም ካፌይን ሲወስዱ እንኳ እንቅልፋቸው ከ1 ሰዓት በላይ አጥሮ ተገኝቷል። ተሳታፊዎቹ ጥቂት ናቸው፣ መጠኑም ብዙ ነው፤ ይህን አልሸሽግም። ይሁንና የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን በ2015 ባወጣው ግምገማ፣ ለመኝታ በቀረበ ሰዓት የተወሰደ 100 ሚሊግራም ካፌይን በአንዳንድ አዋቂዎች ላይ የእንቅልፍን ርዝመትና ሁኔታ ሊያውክ እንደሚችል ገልጿል። 100 ሚሊግራም ማለት አንድ ትልቅ ኩባያ ቡና ነው። የእኛ ስኒ ትንሽ ቢሆንም ቡናው ወፍራም ነው፣ ደግሞም አንዴ ተጠጥቶ አይበቃም።

እዚህ ላይ የሚመጣው መልስ ይታወቃል፤ «እኔን ቡና እንቅልፍ አይከለክለኝም፣ በረካውን ጠጥቼ ወዲያው ነው የምተኛው።» የሚሉት ሰዎች ዋሽተው አይደለም። ሰውነት ካፌይንን የሚያጣራበት ፍጥነት ከሰው ሰው በእጅጉ ይለያያል፤ በዘር የሚወረስ ድርሻም አለው፣ የሚያጨስ ሰውም ከማያጨሰው ፈጥኖ ያጣራል። ግን ያው ልዩነት በሌላው ወገን ከባድ ነው። የወሊድ መከላከያ እንክብል የምትወስድ ሴት ካፌይኑ ሰውነቷ ውስጥ የሚቆየው እጥፍ ያህል ነው፤ በእርግዝና መጨረሻ ወራት ደግሞ ግማሹ እስኪወጣ 15 ሰዓት ሊደርስ ይችላል። ጀበናውን የምታፈላውና ከሦስቱም ዙር የምትቀምሰው ብዙ ጊዜ እሷው መሆኗን አስቡ። ከዚህም በላይ ቶሎ መተኛትና ደህና መተኛት አንድ አይደሉም። ካፌይን ሰውነት በእጅጉ የሚያርፍበትን ጥልቅ እንቅልፍ ይቀንሳል፤ ተኝቶ ያለ ሰው ደግሞ ይህን ሊያውቅ አይችልም። በዚያው በድሬክ ጥናት ከመኝታ 6 ሰዓት ቀደም ብሎ የተወሰደው ካፌይን ያደረሰው ጉዳት በመሣሪያው ላይ ጎልቶ ሲታይ፣ ተሳታፊዎቹ ራሳቸው በጻፉት ማስታወሻ ላይ ያን ያህል ጎልቶ አልወጣም። እናም ጠዋት ላይ ራሱ እየከበደው የሚነሣ ሰው ድካሙን በሥራው ወይም በዕድሜው ያሳብባል፤ ለመንቃትም ያው ቡና ይጠጣል።

ታዲያ በቦታው ምን ይቅረብ? «ሻይ» ብሎ ማለፍ አይበቃም። በቀረፋና በቅርንፉድ የምናፈላው ሻይ ቅጠሉ ጥቁር ሻይ ስለሆነ እሱም ካፌይን አለው፣ ከቡና ቢያንስም። ስፕሪስማ ቡናም ሻይም ነው። የምለው የሻይ ተክል ጨርሶ የሌለበትን፣ ከአበባና ከቅጠል ብቻ የሚፈላውን ነው፤ ይህም ለእኛ እንግዳ አይደለም። ያ ቅርንፉድ ራሱ ከመፈንዳቱ በፊት ተለቅሞ የደረቀ የአበባ እምቡጥ ነው፤ ራሱን ጣት ላይ አሽቶ ላየ ሰው አራቱ ትንንሽ ጫፎች እምቡጧን ይዘው ይታያሉ። ከሱዳን በሚዋሰነው ምዕራብ፣ በቤኒሻንጉል በኩል፣ ከርከዴ የቤት መጠጥ ነው፤ ውኃውን ደም የሚያስመስለው የአበባው ቀይ ሽፋን ነው። ጦስኝ ደግሞ የደጋችን ነው። ከጣርማበር እስከ ባሌ ባለው ብርድ ላይ መሬት ለመሬት ተንሰራፍቶ ይበቅላል። የሳይንስ ስሙ የተሰጠው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ለአሠርት ዓመታት ኢትዮጵያ ውስጥ ኖሮ ዕፅዋት ይሰበስብ በነበረው ጀርመናዊ በቪልሄልም ሺምፐር ስም ነው። ገበያ ላይ የሚሸጠው ደረቅ ጦስኝ ውስጥ ሐምራዊ ብናኝ የመሰሉ አበቦች ከቅጠሉ ጋር ተደባልቀው አሉ፤ በጣት አንድ ቁንጥር ብርጭቆ ውስጥ ጥሎ የፈላ ውኃ አፍስሶ፣ ከሁሉም በላይ በክዳን ወይም በስኒ ማስቀመጫ ሸፍኖ 5 ደቂቃ መተው ነው። ክዳኑ ቀልድ አይደለም። የጦስኝ መዓዛ በዘይቱ ውስጥ ነው፣ ዘይቱም በእንፋሎት ይሄዳል፤ ሳይከደን የቀረበ ጦስኝ መዓዛውን ለክፍሉ ሰጥቶ ለጠጪው ሙቅ ውኃ ያስቀራል።

ካሞሚል ከሁሉም በላይ «የእንቅልፍ ሻይ» ተብሎ የሚሸጠው ስለሆነ ማስረጃውን በደንብ ማየት ይገባል። አበባው ውስጥ አፒጀኒን የሚባል ንጥረ ነገር አለ፤ በቤተ ሙከራ ሲታይ አንዳንድ የማረጋጊያ መድኃኒቶች በሚያርፉበት የአንጎል ቦታ ላይ ያርፋል። ከዚህ ተነሥቶ «ስለዚህ ያስተኛል» ማለት ግን መቸኮል ነው። በ2011 ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ 34 የእንቅልፍ እጦት ያለባቸው ሰዎች ተሳትፈው፣ ለ28 ቀናት የካሞሚል ጭማቂ በእንክብል በወሰዱትና ባዶ እንክብል በወሰዱት መካከል በእንቅልፋቸው ላይ ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልታየም። በ2016 በወጣ የታይዋን ጥናት ደግሞ 80 አራሶች ተሳትፈው፣ ለ2 ሳምንት ካሞሚል ሻይ የጠጡት በእንቅልፍም በስሜትም ሻል ብሏቸው ነበር፤ ከ4 ሳምንት በኋላ ሲታዩ ግን ልዩነቱ ጠፍቷል። ፔንሲልቬንያ ውስጥ በ2009 በ57 ጭንቀት ያለባቸው ሰዎች ላይ በተደረገ ጥናት መጠነኛ መሻሻል ታይቷል። ይህን ሁሉ አንድ ላይ ላስቀመጠ ሰው ካሞሚል ምናልባት ትንሽ ያረጋጋል፣ እንቅልፍ ያስወስዳል የሚለው ግን አልተረጋገጠም። ስለ ጦስኝ ደግሞ ያን እንኳ አልልም፤ ለሳልና ለጉንፋን ሲጠጣ የኖረ ነው፣ ለእንቅልፍ የሚሆንበት ማስረጃ በእጄ የለም።

«እንግዲያው ሙቅ ውኃ አይበቃም ወይ?» ቢባል ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ለአንዳንዱ ይበቃ ይሆናል። ግን ሰው ሙቅ ውኃ ለመጠጣት ተጠራርቶ አይቀመጥም። የእንቅልፍ ሕክምና ከሚመክራቸው ነገሮች አንዱ ማታን በተመሳሳይ ሰዓት በተመሳሳይ ነገር መዝጋት ነው። ሪቻርድ ቡትዚን የተባለው የሥነ ልቦና ሊቅ በ1972 ያስተዋወቀው ዘዴ መነሻው፣ አልጋና እንቅልፍ በልማድ ይተሳሰራሉ የሚል ነበር፤ አልጋ ላይ ሆኖ የሚሠራና የሚጨነቅ ሰው አልጋውን የመንቂያ ቦታ ያደርገዋል። ልማድ በሕፃናት ላይ ሲሠራ ደግሞ በግልጽ ታይቷል። በ2009 በወጣ ጥናት 405 እናቶች ከሕፃናቶቻቸው ጋር ተሳትፈው፣ ገላ ማጠብ፣ ቅባት መቀባት፣ ከዚያ ጸጥ ያለ ጨዋታ የሚል ቋሚ የማታ ሥርዓት ብቻ የጀመሩት እናቶች ልጆች በ2 ሳምንት ውስጥ ቶሎ መተኛት ጀምረዋል፣ ሌሊት መንቃታቸውም ቀንሷል። ምንም መድኃኒት አልነበረም። አዋቂው ከሕፃኑ ይለያል፣ አውቃለሁ፤ ግን ሰውነታችን «ቀኑ አለቀ» የሚለውን ከሚደጋገም ምልክት መማሩ በሁለታችንም ያው ነው። የውኃው መፍላት፣ የክዳኑ 5 ደቂቃ፣ መዓዛው፣ መብራቱ ቀነስ ማለቱ፣ ስልኩ ከእጅ መውረዱ ምልክቶቹ ናቸው። ስልክ እያዩ የሚጠጣ ካሞሚል ከእነዚህ አብዛኛውን ያጣል።

የሚከብደኝ ተቃውሞ የጤና ሳይሆን የባህል ነው። ቡና መጠጥ ብቻ አይደለም፤ ጎረቤት የሚጠያየቅበት፣ የተጣላ የሚታረቅበት፣ ያዘነ የሚጽናናበት ነው። «ጀበናውን ከማታ አንሡ» ማለት ያን ሁሉ አንሡ ማለት ይመስላል፤ የሚሰጋውን ሰው እረዳዋለሁ። ግን የቡናን ሥርዓት ዘርዝረን ብናየው የሚያረጋጋው ክፍል ከካፌይኑ ጋር የተያያዘ አይደለም። ቄጠማው፣ ዕጣኑ፣ ፈንዲሻውና ቆሎው፣ ከሁሉም በላይ አለመቸኮሉ ናቸው። ይህ ሁሉ ጦስኝ ሲፈላም መኖር ይችላል። ቡናው የሚያስከፍለውን ዋጋ የሚከፍለው ሰውነታችን ነው፣ ባህላችንም በቀን ሲፈላ ምንም አይጎድልበትም። በረፍት ቀን ረፋድ ላይ፣ ከሰዓት በኋላ እስከ 9 ሰዓት ድረስ፣ አቦል ቶና በረካው ሙሉ ክብሩን ይዞ ይፈላ፤ እኔ የምጠይቀው ለማታዋ ሰዓት ብቻ ነው። ለጥበቃ፣ ለነርስ፣ በአሜሪካም በዓረብ አገርም ሌሊት ለሚሠራው ወገናችን ደግሞ «ማታ» ማለት ከራሱ መኝታ በፊት ያሉት ሰዓቶች ናቸው፣ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ቢሆንም።

«ዕፅ ነው፣ ምን ይጎዳል?» የሚለው አነጋገር ግን ከእኔ ጋር አይስማማም። ደም የሚያቀጥን ዋርፋሪን የሚወስዱ አንዲት የ70 ዓመት ሴት ካሞሚል አብዝተው ተጠቅመው ውስጣዊ መድማት እንደደረሰባቸው በ2006 በካናዳ የሕክምና መጽሔት ተዘግቧል። ካሞሚል የአደይ አበባ ዘመድ ስለሆነ እንዲህ ያለው አበባ አለርጂ የሚቀሰቅስበት ሰው ይጠንቀቅ። ከርከዴ የደም ግፊትን ዝቅ እንደሚያደርግ በ2010 አሜሪካ ውስጥ 65 ሰዎች በተሳተፉበት ጥናት ለ6 ሳምንት በቀን ሦስት ኩባያ በጠጡት ላይ ታይቷል፤ የግፊት መድኃኒት ለሚወስድ ሰው ይህ ከሐኪም ጋር የሚነገር ጉዳይ ነው። ነፍሰ ጡርም ሐኪሟን ሳትጠይቅ አትጀምር፤ ቡና ላይ ጣል የምናደርገው ጤና አዳም ጭምር በብዛት ሲወሰድ ለጽንስ አደገኛ ነው። ስኳሩም አለ፤ ሦስት ማንኪያ ስኳር የገባበት ጦስኝ አንዱን ችግር በሌላ መለወጥ ነው፣ ማጣፈጡ ካልቀረ አንድ ማንኪያ ማር ይበቃል። ሌሊት ለሽንት የሚነሡ አረጋውያን ትንሽ ስኒ ከመኝታ 2 ሰዓት ቀደም ብለው ቢጠጡ ይሻላቸዋል። በሳምንት ሦስትና ከዚያ በላይ ሌሊት እንቅልፍ አጥቶ ሦስት ወር የሞላው ሰው ደግሞ ከስኒ የሚያገኘው መፍትሔ የለም፣ ሐኪም ዘንድ ይሂድ።

ከዚህ የሚቀረው ነገር የሻጩና የአስተናጋጁ ነው። ወንዶ ገነት ያለው የግብርና ምርምር ማዕከል በመዓዛማና በመድኃኒት ዕፅዋት ላይ ይሠራል፤ ተክሉን የሚያውቅ ባለሙያ አገር ውስጥ አለ ማለት ነው። ፓኬቱ ላይ «ለጣፋጭ እንቅልፍ» ከሚጻፍ ይልቅ የትኛው ተክል እንደሆነ፣ የት እንደተለቀመ፣ መቼ እንደደረቀ ይጻፍልን። ዕውነተኛውን ካሞሚል ገዢው ራሱ ሊያጣራው ይችላል፤ ቢጫው የአበባ ጉልላት ለሁለት ሲከፈል ውስጡ ባዶ ነው። ሻይ ቤቱም ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ ጦስኙን ከክዳኑ ጋር ያቅርብ። በቤት ደግሞ እንግዳ ማታ ሲገባ «ቡና ላፍላ?» ብቻ ከሚባል «ጦስኝ ላፍላ ወይስ ከርከዴ?» ተብሎ ይጠየቅ፤ እንግዳውም እንዳልተከበረ ሳይቆጥረው ይምረጥ።