ባቡሩ ሲቀር መንደሩስ?

የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ምረጡ ስንባል አብዛኞቻችን ወዴት እንደምንሮጥ ይታወቃል፦ ውል፣ ጦርነት፣ ንጉሥ። ስለ ባቡር ሲጻፍ እንኳ ምኒልክ ፈቀዱ፣ ኢልግና ሸፍኖ ሠሩት ይባልና ያልቃል። ጣቢያው ጥግ ሻይ ሲሸጡ ስለኖሩት ሰዎችስ ማን ጻፈ? ለምሳሌ ያህል ቀይ ባሕር ዳር ያለውን የምጽዋን መስመር ላንሳ። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ዶጋሊን የማያውቅ የታሪክ ተማሪ የለም። ራስ አሉላ በጥር 1887 ጣሊያኖችን እንዴት ድል እንደነሡ ፈተና ላይ ጽፈናል። ከዚያ በኋላ የሆነውን ግን ስንቶቻችን እናስታውሳለን? ጣሊያኖች ከምጽዋ እስከ ሰሐጢ 27 ኪ.ሜ. ያህል ሀዲድ የዘረጉት ያኔ ነው፤ በ1888 አለቀ። ጦር ማመላለሻ ነው እንግዲህ፣ ለመንደሮቹ ታስቦ አይደለም። መንደሮቹ ግን ቀድመው ነበሩ። ኡትምሎና እምኩሉ ውሃ የሌላትን ምጽዋን ከጉድጓዳቸው ሲያጠጡ የኖሩ ናቸው። እምኩሉን ደግሞ ቀላል አድርጋችሁ አትዩዋት፤ ኦነሲሞስ ነሲብ ወደ ኦሮምኛ የተረጎሙት አዲስ ኪዳን በ1893 የታተመው እዚያ ነው። ይህንን እኔ ራሴ ያወቅሁት በቅርቡ ነው፣ አፍሬያለሁ።

መስመሩ በ1904 ጊንዳዕ፣ በ1911 አስመራ ደረሰ። 118 ኪ.ሜ. ያህል ሄዶ ከባሕር ጠርዝ ከ2,300 ሜትር በላይ ይወጣል። የእንፋሎት ባቡር ያለ ውሃ አይሄድምና በየመንገዱ መቆም አለበት፤ ባቡር በቆመበት ደግሞ ሠራተኛ፣ ሻጭ፣ ልጅ ይሰበሰባል። ከዚያ የጭነት መኪና ሥራውን ተሻማው፣ በ1970ዎቹ ደግሞ ጦርነቱ ጨረሰው። ሀዲዱ ተነቅሎ የምሽግ ጣሪያ ሆነ።

የሚገርመኝ ግን ጥገናው ነው። በ1994 ሥራው ሲጀመር የተጠሩት ጡረታ የወጡ ሽማግሌዎች ናቸው፤ ሙያው በእጃቸው ነበራ! መስመሩ በ2003 እንደገና አስመራ ደረሰ። ባቡሩ ከዚያ ወዲህ በአብዛኛው የሄደው ለጎብኚ ነው። ጎብኚ ፎቶ ያነሳል እንጂ ከኡትምሎ ገበያ አይመላለስም። ስለዚህ ሀዲድ ተጠገነ ማለት ጣቢያ ተከፈተ ማለት አይደለም፤ ሁለቱን የሚያምታቱ ጽሑፎች በዝተዋል ባይ ነኝ።

አንዳንድ ጓደኞቼ «የከሰረ ነገር ይዘጋል፣ ምን ታሪክ አለው?» ይሉኛል። እሺ፣ ይዘጋ። ግን ሲዘጋ ማን እንደተሰደደ፣ ማን እንደቀረ መጻፍ የኛ ሥራ ካልሆነ የማን ሊሆን ነው? የኛም የጅቡቲ መስመር በ1917 አዲስ አበባ የገባው ዛሬ የለም። በ2016 የተመረቀው አዲሱ ባቡር ለገሃርን ትቶ ከከተማው ዳር ፉሪ ለቡ ላይ ይቆማል። የጥንቶቹ ጣቢያዎች፣ እነ አፍደምና ኤረር፣ የማንም መመረቂያ ጽሑፍ ውስጥ አላጋጠሙኝም።

እኔ ርዕሴን ወደ አፍደም ቀይሬያለሁ። አማካሪዬ «ምንጭ ከየት ታመጣለህ?» አሉኝ። የድሮ ሠራተኞች ድሬዳዋ አሉ፣ ቴፕ ይዤ እሄዳለሁ አልኳቸው። «እንግዲያው ክረምቱን አትጠብቅ፣ ዕድሜያቸው ገፍቷል» አሉኝ።